ጎማን በኪሎ ሜትር ዋጋው ስለ መግዛትና በቦታው ስለ ማሰር

ነጋዴ ስለ ሸቀጡ በሚነጋገርበት ጊዜ የስንዴውን ንጽሕና፣ የብቅል ገብሱን እርጥበትና የጆንያውን ክብደት በጥንቃቄ ይመረምራል። ይህን ሁሉ እህል ከአሰላ አዳማ፣ ከአዳማም አዲስ አበባ ስለሚያደርሱት ስድስት ጎማዎች ግን የሚያስበው መኪናው ከመንገድ ሲቀር ብቻ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ከነዚህ እንደ አንዱ ነበርሁ። የአንድ የእህል ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የጎማውን ግዢ የማጸድቀው እኔ ስሆን፣ የማየውም በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ነበር። ይህ ልማዴ ምን እንዳስከፈለን ከዚህ በታች እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን የነገሩን ሥር ማስረዳት ይገባኛል።

ገዢ ከጎማ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜና በመታጠፊያ ላይ መንገዱን አጥብቆ እንዲይዝ፤ ሁለተኛ፣ ቶሎ ሳያልቅ ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግል፤ ሦስተኛ፣ ዋጋው እንዳይከብድ። ሦስቱንም በሙሉ የሚሰጥ ጎማ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ምክንያቱም መንገድን አጥብቆ የሚይዘው ለስላሳ የጎማ ቅንብር ሲሆን ለስላሳው ደግሞ በቶሎ ይፋቃል፤ ጠንካራው ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም በእርጥብ አስፋልት ላይ የመንሸራተት ጠባይ አለው። ሁለቱንም በመጠኑ ለማስታረቅ የሚጥር ፋብሪካ የሚጠቀምበት ቅንብርና የሚያወጣው ድካም ብዙ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል።

ለአርሲ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሰላ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በቆጂም የደራርቱ ቱሉና የቀነኒሳ በቀለ አገር ናት። ሯጭ በውድድር ቀን የሚያደርገው ሾህ ያለው ቀላል ጫማ ሌላ፣ ማለዳ ማለዳ ለልምምድ የሚያደርገው ወፍራም ጫማ ሌላ ነው። የውድድሩ ጫማ ለልምምድ ቢውል ወዲያው ያልቃል፤ የልምምዱም ጫማ ለውድድር ቢውል ጊዜ ይገድላል። በመኪናም እንዲሁ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መኪናቸውን በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ለአንድ ቀን በፍጥነት ለመንዳት የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚመርጡት ጎማ በጎኑ ላይ ትሬድዌር ከሚለው ቃል አጠገብ 200 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር የታተመበት ነው። ለተራ የቤት መኪና የሚሸጠው ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ይጻፍበታል። ይህ ቁጥር የመፋቅን መቋቋም የሚያመለክት ሲሆን 100 የተባለው የመመዘኛው ጎማ ነው፤ 400 የተጻፈበት በዚያው ፈተና ላይ አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ሆኖም ፈተናውን የሚያካሂደው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ፋብሪካ ቁጥር ጋር ማወዳደር አያስተማምንም። የአንዱን ፋብሪካ ልዩ ልዩ ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። ከዚሁ ጎን ትራክሽን የሚለው ቃል በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆምን ኃይል በኤኤ፣ በኤ፣ በቢና በሲ ደረጃ ያሳያል፤ ቴምፕሬቸር የሚለውም ሙቀትን የመቋቋምን ደረጃ ያሳያል። ይህ ምልክት ለትንንሽ መኪናዎች ብቻ ስለሆነ በጭነት መኪና ጎማ ላይ አይገኝም። ለጭነት መኪና ጎማ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚለጠፈው ወረቀት ይረዳል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ሥርዓት መሠረት በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝን ኃይል ከኤ እስከ ኢ በተሰጠ ደረጃ ያስታውቃል። አስመጪዎች ከላኪው ፋብሪካ ይህን ደረጃ መጠየቅ ይችላሉ።

እንግዲህ ጥያቄው «ጥሩው ጎማ የቱ ነው?» ሳይሆን «ለዚህ መንገድና ለዚህ ቦታ የሚስማማው የቱ ነው?» የሚል መሆን አለበት። የኛም መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መኪናው በአዋሽ መልካሳ ወንዙን ተሻግሮ፣ ደራን፣ ኢተያንና ጎንዴን አልፎ አሰላ እስኪደርስ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ አጭር ጉዞ ከስምጥ ሸለቆው ሐሩር ወደ ጭላሎ ብርድ ይወጣል። ከአሰላም አልፎ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሲሄድ ብርዱ ይጨምራል። በክረምት ዝናቡ አስፋልቱን ያረጥባል፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገበሬው አውድማ የሚወስደው መንገድም ጥቁር ጭቃ ይሆናል። በበጋ ደግሞ ኮረትና ጠጠር የጎማውን ጎን ይቆርጣል፤ ሙቀቱም በተለይ ቁልቁል ሲወረድ የተጫነውን ጎማ ያግላል። ስለዚህ የአርሲ መኪና ጎማ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀትን፣ ዝናብንና ጭቃን የሚጋፈጥ ነው።

አሁን የራሳችንን ጉዳት ልናገር። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ ክረምቱ ሳይጠና ለአንደኛው አይሱዙ መኪናችን ሁለት የፊት ጎማ ያስፈልግ ነበር። አንድ ሻጭ ከሌሎቹ በጣም ባነሰ ዋጋ አቀረበልን። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጥቁር ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። እኔም ተጠንቃቂ ለመምሰል የተሠራበትን ዘመን ጠየቅሁ። ሻጩም በጎኑ ላይ ያለውን ሞላላ ሳጥን አሳየኝ፤ 2217 ይላል። «ይኸው 17 ይላል፤ የዘንድሮ ነው» አለኝ። እኔም በ2017 ዓ.ም. የተሠራ መሆኑን አምኜ ፈረምሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኪናው ስንዴ ጭኖ ከአሰላ ወደ አዳማ ሲወርድ፣ ከኢተያ በታች በቀትር ሙቀት የቀኝ የፊት ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ መሪውን አጥብቆ በመያዙ መኪናው ሳይገለበጥ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ረዳቱ ግን እግሩ ተሰበረ፤ ብዙ ኩንታል ስንዴም በጭቃ ውስጥ ፈሰሰ። የፈነዳውን ጎማ አዳማ ለሚገኝ አንድ አሮጌ ጎሚስታ ባሳየሁት ጊዜ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የፈረንጅ ዓመት ነው» አለኝ። ቅባቱንም በጨርቅ ሲጠርገው ጎኑ ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ተሞልቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደሎች በኋላ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱም ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱም ምንጊዜም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስለዚህ 2217 ማለት የ2017 እ.ኤ.አ. 22ኛው ሳምንት፣ በኛ አቈጣጠር ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። የገዛሁት «የዘንድሮ» ጎማ ስምንት ዓመት የሞላው ነበር። ሻጩም አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፤ ማወቅ የነበረብኝ ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነበርሁ። ዛሬም ቢሆን 17 ወይም 18 የሚል ጎማ በኛ ዘመን አዲስ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ስሕተቱ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ለማስታወስ የሚረዳው ሕግ ቀላል ነው፤ ሳምንቱ እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፣ 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። ለምሳሌ 4023 ከሆነ የ2023 እ.ኤ.አ. 40ኛ ሳምንት ስለሆነ በኛ መስከረም 2016 ዓ.ም. ነው።

ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ፀሐይና አየር ቅንብሩን ያደርቁታል፤ የደረቀውም ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ መንገድ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፣ ይሰነጠቃልም። ከታወቁት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ምንም ጤነኛ ቢመስል እንዲለወጥ ይመክራሉ። በደጋው አገር የፀሐዩ ጨረር ጠንካራ ስለሆነ በሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ የሚከርም ጎማ ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል።

ከዘመኑ ቀጥሎ መነበብ ያለበት የመሸከም አቅሙ ነው። ለምሳሌ በብዙ አይሱዙዎች ላይ በሚታሰረው 7.50 አር 16 ባለ 14 ፒ.አር. ጎማ ላይ 122/118 ኤል የሚል ጽሑፍ ይገኛል። «አር» ራዲያል መሆኑን ያሳያል። 122 ማለት ጎማው ለብቻው ሲታሰር 1,500 ኪሎ ግራም፣ 118 ማለት በድርብ ሲታሰር እያንዳንዱ 1,320 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ሲሆን፣ ኤል ደግሞ የመጨረሻውን ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። እንግዲህ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች 3,000፣ የኋላዎቹ አራት ጎማዎች 5,280 ኪሎ ግራም ይችላሉ፤ በዚህ ውስጥ የመኪናው የራሱ ክብደት ጭምር መቆጠሩን መርሳት አይገባም። ከዚህ በላይ የሚጫነው ኩንታል ሁሉ ከጎማው ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው።

ወደ ዋጋው እንመለስ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ጎማም ዋጋው ከበደ። በዚህ ጊዜ ርካሹን መፈለግ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ርካሽነት የሚለካው በደረሰኝ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። ይህንም ለማወቅ የጥርስ መለኪያ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ። አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ፤ ዋጋዎቹ ለስሌቱ ያህል የተቀመጡ ናቸው።

ጎማ «ሀ» 18,000 ብር፣ ጎማ «ለ» 27,000 ብር ነው እንበል። የ«ሀ» ጥርስ አዲስ ሳለ 12 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው፤ የ«ለ» 15። በሁለቱም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር እናወጣቸዋለን ብንል፣ ከ«ሀ» 9፣ ከ«ለ» 12 ሚሊ ሜትር ይሠራል። 10,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ብንለካ «ሀ» 2 ተኩል፣ «ለ» 2 ሚሊ ሜትር አልቆባቸዋል። ይህም ማለት «ሀ» በአንድ ሚሊ ሜትር 4,000፣ «ለ» 5,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የ«ሀ» ጠቅላላ ዕድሜ 36,000፣ የ«ለ» 60,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዋጋውን ብናካፍል «ሀ» በኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም፣ «ለ» 45 ሳንቲም ያስከፍላል። አምስት ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በስድስት ጎማና በ60,000 ኪሎ ሜትር ስትባዛ 18,000 ብር፣ ማለት የአንድ «ሀ» ጎማ ዋጋ ትሆናለች። መኪናው ለጎማ ቅያሪ የሚቆምበት ቀን ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ለምን ይወጣል የሚል ቢኖር፣ ምክንያቱ ዝናብ ነው። የጥርሱ ሥራ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለውን ውሃ ጠርጎ ማስወጣት ነው። ጥርሱ ሲያጥር ውሃው መውጫ ያጣና ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዙም። በትንንሽ መኪናዎች ጎማ ፈር ውስጥ ያለው እብጠት ምልክት ሲገለጥ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህም የመጨረሻው ወሰን እንጂ በክረምት የሚታመንበት መጠን አይደለም።

ይሁን እንጂ የሳንቲሙ ስሌት ብቻውን መሪ እንዲሆን አልመክርም። ስሌቱ የሚያገለግለው ለኋላ ጎማዎች ነው። በጭነት መኪና የፊት ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሲንሸራተት መሪው ከሾፌሩ እጅ ይወጣል፤ ስለዚህ ከፊት የሚታሰረው አዲስ ዘመን ያለው፣ በእርጥብ መንገድ የመያዝ ደረጃው ከፍ ያለና ቀጥ ያለ ፈር ያለው ጎማ ይሁን። ዕድሜው ቢያጥርም ዋጋውን የሚከፍለው የሰው ሕይወትን በመጠበቅ ነው። ከኋላ ደግሞ ዕድሜው የረዘመ፣ ወደ አውድማ ለሚገባ መኪናም ጭቃ የሚቧጥጥ ደንዳና ጥርስ ያለው ይመረጥ። አካሉ ጤነኛ የሆነ ጎማ በባለሙያ ታድሶ ለኋላ ሊያገለግል ይችላል፤ የታደሰ ጎማ ግን ከፊት አይታሰር። በትንሽ የቤት መኪና ላይ ግን ሁለት ጎማ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ እንዲታሰሩ ፋብሪካዎች ይመክራሉ፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ስለሚዞር ለተራ ነጂ ማዳን ይከብደዋልና። በአንድ አክስል ላይ ራዲያልና ራዲያል ያልሆነ ጎማ አይደባለቅ። በድርብ የሚታሰሩትም ቁመታቸው እኩል ይሁን፤ አለዚያ ረጅሙ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል።

ምርጫው ሁሉ የሚፈርሰው በነፋስ ጉድለት ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ ትርፍ ነፋስ የተሞላውም መሐሉ ብቻ ይፋቃል። የኛ መንገድ ከፍታው ስለሚለያይ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ በ28 ዲግሪ ሙቀት 90 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ አሰላ አድሮ በማለዳ 8 ዲግሪ ሲሆን ቢለካ፣ ምንም ሳይተነፍስ ወደ 84 ወርዶ ይገኛል። ብርዱ 7 ያህል ሲቀንስ የከፍታው ስስ አየር 1 ያህል ይመልሳል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ቁልቁል ወርዶ አዳማ ሲደርስ ነፋሱ ቢጨምር ከጋለ ጎማ ነፋስ ማውጣት ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራልና።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች ጥቂት ቃል ልጨምር። አስመጪው በፕሮፎርማውና በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ የጎማውን መጠን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ጊዜ ጭምር ቢያስጽፍ፣ ለምሳሌ «በመጫኛው ቀን ከስድስት ወር ያልበለጠው» ብሎ ቢወስን፣ በሌላ አገር መጋዘን የከረመ ዕቃ አይላክበትም። ባለ ሱቁም ጎማውን ከፀሐይ፣ ከዘይትና ከቤንዚን፣ እንዲሁም የብየዳ መኪናና ጄኔሬተር ከሚሠሩበት አርቆ በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያቁመው፤ አስቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ ይሽጥ። የተሠራበትንም ዘመን በሁለቱ አቈጣጠር በካርድ ጽፎ ቢያንጠለጥል፣ ገዢው ያለ ጭቅጭቅ ያምነዋል። አሮጌውን ጎማ በርካሽ መሸጥ ቢፈልግ እንኳ ዘመኑን ተናግሮ፣ ቀስ ብሎ ለሚጎተት ጋሪ ይሽጠው እንጂ ለፊት ጎማነት አይሽጠው።

የእኛ ረዳት እግሩ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። አሠሪዬም በዚያን ጊዜ አልተቆጡኝም፤ «በሁለቱ ጎማ ያተረፍነውን ገንዘብና የሐኪሙን ደረሰኝ አንድ ላይ አምጣልኝ» ብቻ ነበር ያሉኝ። ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ መዝገብ ውስጥ አያይዤ አስቀምጫቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በቢሮአችን ውስጥ የጎማ ደብተር ተከፍቷል፤ የያንዳንዱ ጎማ ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን በሁለቱ አቈጣጠር፣ የታሰረበት ቀንና ቦታ፣ የገዛንበት ዋጋ፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩም የጥርሱ ጥልቀት ይጻፍበታል። ማንም የሱቅ ጸሐፊ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ሥራ ሊይዘው ይችላል። ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ አንባቢዎቻችን ወደ ግቢያቸው ወጥተው በየመኪናቸው የፊት ጎማ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች እንዲያነቡ በትሕትና አሳስባለሁ።